ሒሳቡ በሁለተኛው ክፍል ይመጣል



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ የመስጂዱ ደረጃ ላይ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለ ሁለት ወጣቶች ፊታቸው ጠቁሮ ሲያወሩ ሰማናቸው። አንደኛው «አርተር እኮ ሞተ» አለ። ሌላው «አውቃለሁ፤ ሌሊት ነው የጨረስኩት። ወላሂ አልቅሻለሁ» ብሎ መለሰለት። ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ቢሆንም ሞት ሞት ነውና ደንግጠን «ማን ነው የሞተው? ቀብሩስ መቼ ነው?» አልናቸው። ልጆቹ ተያዩና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ኡስታዝ፣ የጌም ሰው ነው» አሉን።

እኛም አብረን ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀንም። አንድ ጎረምሳ በሕይወት ኖሮ ለማያውቅ ሰው ሌሊት ተነስቶ ካለቀሰ፣ «ተዉት፣ የልጅ ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ያስለቀሰው ተኩሱ አይደለም፤ ተኩስማ ሺህ ጊዜ ተኩሷል። ያስለቀሰው ታሪኩ ነው። ዛሬ በጌም ውስጥ ስላለው ታሪክ፣ በተለይም ታሪኩ በክፍል ሁለትና በክፍል ሦስት ሲቀጥል ስለሚሆነው ነገር ልናወራችሁ ወደድን። መጨረሻቸውን ስለምንናገር ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ዐፉ በሉን። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኛም ከዚህ ዓለም የራቅን አይደለንም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከመድረሳ ስንወጣ ጌም ቤት በር ላይ ተኮልኩለን ጆይስቲክ ለመጨበጥ ወረፋ ጠብቀናል። ያኔም ሆነ አሁን የጌም ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ሰዓት ሲቆጠር ደግሞ ታሪክ የሚያዳምጥ የለም። ሁለት ሰዎች ቆመው መነጋገር ሲጀምሩ ከኋላ ያሉት «ዝለለው! ስኪፕ በለው!» ብለው ይጮኻሉ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሳንቲማችንም እያለቀ ነው። ስለዚህ ተዘለለ። ኳስ የምትጫወቱትን እንኳ ብናነሳ፣ ፊፋ 17 ላይ «ዘ ጆርኒ» የሚባል ታሪክ ገብቶ ነበር። አሌክስ ሃንተር የተባለ ወጣት ተጫዋች ከታች ተነስቶ ሲያድግ የሚያሳይ ሲሆን፣ በፊፋ 18 እና በፊፋ 19 ቀጥሎ አልቋል። ሦስት ዓመት የፈጀ ታሪክ ማለት ነው። እኛ በምናውቃቸው ጌም ቤቶች ግን አንድም ሰው ሲከፍተው አይተን አናውቅም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ከተኩስ ጌም ውስጥ ታሪኩን ስትዘሉት የሚቀረው ግድያው ብቻ ስለሆነ ነው። ወላጆች «ጌም ልጆቻችንን ጨካኝ አደረገብን» እያሉ ወደ መስጂድ ይመጣሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልጁ የያዘው ግማሹን መሆኑን አያውቁም። ጠመንጃውን ወስዶ ሒሳቡን ጥሎታል። እኛ ዛሬ ልንል የፈለግነውም ይኸው ነው፤ ጥሩ ታሪክ ያለው ጌም ሒሳብ ያወራርዳል። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ የሚመጣው ደግሞ በተከታዩ ክፍል ነው።

እስቲ ጌም ከፊልም በምን እንደሚለይ እንይ። ፊልም ላይ አክተሩ ሰው ሲገድል እናያለን፤ ዳር ቆመን ነው። ጌም ላይ ግን ቁልፉን የሚጫነው የራሳችን አውራ ጣት ነው። ስለዚህ ነው ፊልም ያየ ልጅ «ገደለው» ሲል ጌም የተጫወተው «ገደልኩት» የሚለው። አክተሩ ሲሸነፍም «ሞትኩ» ይላል። ልብ ብላችሁ አንደበታችሁን ስሙት። ታሪኩ ውስጥ የገባነው በራሳችን ስም ነው። እንግዲያው ታሪኩ ዞሮ «ያን ለምን አደረግክ?» ሲል ጥያቄው ለአክተሩ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው።

ያ ያስለቀሳቸው አርተር የ«ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ሰው ነው። ጌሙ በ2018 ወጣ፤ ታሪኩ በ1899 አሜሪካ ውስጥ ነው። አርተር ሞርጋን፣ ደች የሚባል ሰው የሚመራው የሽፍታ ቡድን አባል ነው። በቡድኑ ውስጥ ሽትራውስ የሚባል ሰው አለ። የእሱ ሥራ ለተቸገረ ሰው በከባድ ወለድ ማበደር ነው፤ መክፈል ያቃተውን ዞሮ በቡጢ የሚያስከፍለው ደግሞ አርተር ነው። ከተበዳሪዎቹ አንዱ ቶማስ ዳውንስ የተባለ በሽተኛ ገበሬ ነው። አርተር ሚስቱና ልጁ ባሉበት ግቢ ይደበድበዋል። ሰውየው ያስላል፤ ደሙም አርተር ፊት ላይ ይረጫል። ጨዋታው ይቀጥላል፤ ተጫዋቹም ይረሳዋል። ከብዙ ሰዓታት በኋላ አርተር ራሱ ማሳል ይጀምራል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ነው። የተላለፈበትም ከዚያ ከደበደበው ሰው ነው።

ሱብሓነላህ! ሰሪዎቹ ስለ ሪባ ሊያስተምሩ ብለው አልተነሱም። ግን የድሃን አንገት አንቆ የሚሰበሰብ ወለድ ሰብሳቢውን እንዴት እንደሚበላው ከዚህ በላይ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ስንት ታውቃላችሁ? ከዚያ ወዲያ አርተር የቀረውን ዕድሜ ያጠፋውን በመጠገን ይጨርሳል። ሽትራውስን ከሰፈሩ ያባርረዋል። ተጫዋቹ ከፈለገ የሟቹን ሚስትና ልጅ ፈልጎ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ያላቸውን ዕዳ የሚምራቸው ሰዎችም አሉ። ካልፈለገ አልፏቸው ይሄዳል። ስኪፕ እያደረገ የመጣ ልጅ ግን ያ ሳል ከየት እንደመጣ አያውቅም። ለእሱ አርተር ፈረስ የሚጋልብ፣ ሰው የሚተኩስ፣ በመጨረሻም ድንገት ታሞ የሚሞት ሰው ነው።

አሁን ወደ ተከታይ ክፍል ጉዳይ እንግባ። ይህ ጌም ቁጥሩ ሁለት ይሁን እንጂ ታሪኩ ከመጀመሪያው የሚቀድም ነው። የመጀመሪያው በ2010 የወጣ ሲሆን የሚያወራው ስለ 1911 ነው፤ አክተሩም ጆን ማርስተን ነው። ጆን የድሮ ጓዶቹን አድኖ እንዲያጠፋ በመንግሥት ሰዎች ይገደዳል፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወታደሮች የራሱ እርሻ ላይ ተኩሰው ይገድሉታል። ልጁ ጃክ አድጎ የአባቱን ደም ይመልሳል። በሁለተኛው ክፍል አርተር ሕይወቱን የሚሰጠው ይህ ጆን ከሚስቱና ከልጁ ጋር እንዲያመልጥ ነው። የመጀመሪያውን የተጫወተ ሰው ግን መጨረሻውን ያውቃል። አርተር በሞቱ የገዛላቸው ዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይህ ሐዘን በአንድ ጌም ብቻ ሊመጣ አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚፈጠረው። ተከታይ ክፍል በትክክል ሲሠራ፣ ትናንት አሸነፍን ያልነውን ሌላ መልክ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ነው። የመጀመሪያው በ2013 ወጣ። ዓለም በወረርሽኝ ፈርሷል። ልጁን የተቀማው ጆኤል፣ በሽታው የማይዛትን ኤሊ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ አሜሪካን አቋርጦ ወደ ሐኪሞች ያደርሳል። ሐኪሞቹ መድኃኒት ለማግኘት ልጅቷ መሞት አለባት ይላሉ። ጆኤል እምቢ አለ። ሐኪሙን ጨምሮ የመጣበትን ሁሉ ገደለ፤ ልጅቷን አውጥቶም ዋሻት። ስትጠይቀው እውነቱን ደበቃት። ጌሙ እዚያ ላይ አለቀ። ብዙዎቻችን ተነፈስን፤ «ልጁን አዳነ፤ አባት እንዲህ ነው» አልን። ሐኪሙ ማን ነበር ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሱ አክተር አይደለማ!

ሰባት ዓመት አለፈ። በ2020 ክፍል ሁለት ወጣ። ገና ጨዋታው ሳይጋጋል አቢ የምትባል ወጣት ጆኤልን ቀጥቅጣ ገደለችው። የዚያ የሐኪሙ ልጅ ናት። ተጫዋቹ በንዴት ተቃጥሎ ኤሊን ይዞ ለበቀል ወደ ሲያትል ከተማ ይዘምታል። ሦስት ቀን ሲገድል ይከርማል። ልክ ጠላቱ ፊት ሲደርስ ጌሙ ጆይስቲኩን አዙሮ አቢን ያስይዘዋል! እነዚያኑ ሦስት ቀናት በእሷ ዓይን እንደገና ይኖራቸዋል። በኤሊ እጅ ስም የለሽ ጠላት ሆነው የሞቱት ሰዎች ስም፣ ቀልድ፣ ፍቅር እንደነበራቸው ያያል። በመጨረሻ ኤሊ ጠላቷን እጇ ውስጥ አስገብታ ትለቃታለች። ግን ዘግይታለች። ሁለት ጣቶቿን አጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ጆኤል ያስተማራትን ጊታርም በጎደሉት ጣቶች መጫወት አልቻለችም።

ደም መቃባት ምን እንደሆነ እኛ አገር የሚነግረን ጌም አያስፈልገንም። ገዳይና ሟች ቤት ስንት ዓመት መንገድ እየቀያየሩ እንደሚኖሩ፣ ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የምናውቅ ሰዎች ነን። ግን ሽማግሌም ቢሆን የሟችን ልጅ የገዳይ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ሊያኖረው አይችልም። ጌም ይህን ማድረግ መቻሉ ነው የሚገርመው።

ያን ጊዜ የሆነውንም አንርሳ። ጌሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ገና ማንም ሊጨርሰው በማይችልበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ዝቅተኛ ነጥብ ዘነበበት። ለአቢ ድምፅ የሰጠችው ተዋናይት የግድያ ዛቻ ደረሳት። በቀል ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ታሪክ ነው፤ የተቆጡት ሰዎች መልስ ግን እውነተኛ ሰውን መዛት ሆነ። አክተራችን ተነካ ብለው! ታሪኩን ያልሰሙት ጌም ቤት ያሉ የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምሕረት ሁልጊዜ ያዋጣል እያላችሁን ነው?» ትሉ ይሆናል። ሐቁን እንናገር፤ ምሕረትም ሒሳብ አለው። ለዚህ «አሳሲንስ ክሪድ»ን እንመልከት። የመጀመሪያው በ2007 ሲወጣ የሚያወራው በ1191 የመስቀል ጦርነት ዘመን ስለነበሩት ደማስቆ፣ ዐካና ቁድስ ነበር። ብዙዎቻችን በስክሪን ላይ የሻምን ከተሞች የተዘዋወርንበት የመጀመሪያው ጌም እሱ ነው። የሚገርመው ራሱ ሥራው የተጀመረው የ«ፕሪንስ ኦቭ ፐርዥያ» ተከታይ እንዲሆን ታስቦ መሆኑ ነው፤ ተከታይ ሊሆን የተጀመረው ጌም የሌሎች ተከታዮች አባት ሆነ። በክፍል ሁለት፣ ማለትም በ2009፣ ታሪኩ ወደ ጣሊያን ሄደ። ኤዚዮ የተባለው ወጣት አባቱና ወንድሞቹ በግፍ ተሰቅለውበት ለበቀል ይነሳል። በመጨረሻ ዋናው ጠላቱ ሮድሪጎ ቦርጂያ እጁ ውስጥ ይገባል፤ ግን ይምረዋል። «ተመስገን፣ በሰለ» አልን። በ2010 «ብራዘርሁድ» ሲከፈት ደግሞ የዚያ ጠላት ልጅ ቼዛሬ ጦር ይዞ መጣ፤ ከተማውን አፈረሰ፤ አጎቱንም ገደለበት።

ታዲያ መማሩ ስህተት ነበር? ጌሙ ጥያቄውን ክፍት ይተወዋል። ኤዚዮ ምርጫውን ተሸክሞ ያረጃል። በ2011 በወጣው «ሬቨሌሽንስ» ጢሙ ሸብቶ በዑስማንያዎቹ ኢስታንቡል ውስጥ እናገኘዋለን፤ ገና ወጣት ከነበረው ከልዑል ሱለይማንም ጋር ይገናኛል። የቸኮለውን ልጅ አይተን ሽማግሌውን ያየንበት ይህ ሦስትዮሽ ጥሩ ነገር ነው። ሰው ባንዴ አይበስልም። መብሰሉን ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜውን የሚሰጡት ተከታይ ክፍሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን የጌም ታሪክ ሰሪዎችን ልንሞግታቸው ይገባል። እኛ ከኪታብ የቀራነው ተጠያቂነት ምርጫን እንደሚከተል ነው። በግድ የተደረገ ሰው እንደ ወደደ ሰው አይጠየቅም። «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ግን ሐኪሙን ሳትገድል እንድታልፍ አይፈቅድልህም። ብትቆም ጌሙም ይቆማል። ካስገደደ በኋላ ዞሮ «አየህ ያደረግከውን?» ይላል። ይህ ፍርድ ሙሉ አይደለም። አርተርም ቢሆን ያንን ገበሬ ከመደብደብ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ምርጫው የሚሰጠን ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ምርጫ የሰጡትስ? «ማስ ኤፌክት» በ2007፣ በ2010 እና በ2012 በሦስት ክፍል ወጣ። በመጀመሪያው ያተረፍከው ሰው በሁለተኛው መጥቶ ያመሰግንሃል፤ ያስገደልከው ይቀራል። ያስቀመጥከው ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል አብሮህ ይሻገራል። ትልቅ ቃል ኪዳን ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የስንት ዓመት ውሳኔ በጥቂት ተመሳሳይ መደምደሚያዎች ተጠቃለለና ተጫዋቹ ጮኸ። ሰሪዎቹም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መጨረሻውን የሚያብራራ ጭማሪ በነፃ ለቀቁ። የሰዎቹ ጩኸት አግባብ ነበረው እንላለን። «ሥራህ ይቆጠራል» ብለህ ቃል ከገባህ መቁጠር አለብህ።

ሌላው ሙግታችን ገንዘብ ነው። ኩባንያዎች ተከታይ ክፍል የሚሠሩት ሁልጊዜ የሚነገር ታሪክ ስለቀራቸው አይደለም። የታወቀ ስም ከአዲስ ስም ይልቅ ይሸጣል። «አሳሲንስ ክሪድ» ሁሉንም ክፍሎች የሚያያይዘውን ዴዝሞንድን በ2012 ከገደለው በኋላ ያ የዘመናችን ታሪክ አቅጣጫ ጠፋበት፤ ጌሙ ግን መውጣቱን ቀጠለ። በ2023 «ሚራዥ» ታሪኩን ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ መልሶ ሲያመጣ ደስ ካላቸው መካከል ነን። በይተል ሒክማ ያለበት፣ በዐረብኛ ድምፅም የሚደመጥ ነው። ሆኖም እሱም የተጀመረው ለ«ቫልሃላ» ጭማሪ እንዲሆን ታስቦ ነበር። መልካም ታሪክ በዚህ መንገድም ሊመጣ እንደሚችል አንክድም። ግን ሱቅ የማይዘጋ ነጋዴ ሒሳብ አይዘጋም፤ መጨረሻ የሌለው ታሪክም ሒሳቡን ለነገ እያሳደረ ይኖራል።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኛ የምትሰሙት ምክር ይህ ነው። ከእነዚህ ካነሳናቸው ጌሞች ብዙዎቹ ለአዋቂ ተብሎ ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ነገርም እንዳለባቸው አንደብቅም። ታናሽ ወንድማችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያይ ከሆነ ይህን አስቡ። ሶላት የሚያስረሳ፣ እንቅልፍ ነስቶ ፈተና የሚያስወድቅ ከሆነ ታሪኩ ምንም ያህል ቢያምር ኪሳራ ነው።

የምትጫወቱ ከሆነ ግን ግማሹን አትጫወቱ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አዳምጡ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ጽሑፉን ከታች አብሩትና ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ክፍል ሁለትን ከመጀመራችሁ በፊት ክፍል አንድ እንዴት እንዳለቀ እወቁ። ሲያልቅም ከጓደኛችሁ ጋር ስለ ግራፊክሱ ብቻ አታውሩ። ሟቹ ማን ነበር? ልጆቹስ ምን ሆኑ? ሰሪዎቹ ያስገደዱን ምን ነበር፣ እኛ የመረጥነውስ? ብላችሁ ተጠያየቁ።

ወላጆችም፣ እኛም መስጂድ ያለነው ጭምር፣ «አጥፋው!» ከማለታችን በፊት አንዴ «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። እነዚያ ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ባይዘገዩና እኛም ባንጠይቃቸው፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ሞትና ስለ ተውባ ከልባቸው እያወሩ መሆኑን ሳናውቅ አልፈናቸው በሄድን ነበር። ያን ቀን እስከ መግሪብ እዚያው ተቀመጥን። ስንነሳ አንደኛው «ኡስታዝ፣ አርተር ግን ቶሎ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሰውዬ አይመታውም ነበር አይደል?» ሲል ጠየቀን። ምን እንበለው? «አንተስ አሁን የምታውቀውን ይዘህ ነገ ለማን ትራራለህ?» አልነው። ዝም አለ። አዛን ሲል ሦስታችንም ተያይዘን ገባን።

አላህ ሒሳባችንን ያቅልልን። ወሏሁ አዕለም።